አቀንጭራ፣ ፔንዱለምና የ11ኛ ክፍል ምርጫ

ውድ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በሚቀጥለው ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ብዙ ተማሪ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ጓደኞቹ ወዴት እንደሄዱ አይቶ፣ አለዚያም «ፊዚክስ ይከብዳል» ሲባል ሰምቶ ነው። እኛ ግን ከመወሰናችሁ በፊት ሥራው ራሱ ምን እንደሚመስል እንድታዩ እንፈልጋለን።

ከማሽላ ማሳ እንነሣ። ወሎ፣ ትግራይ ወይም ሐረርጌ ቆላ ዘመድ ያላችሁ አቀንጭራን ታውቋታላችሁ። ሐምራዊ አበባ ያላት ትንሽ አረም ናት። ዋናውን ጉዳት የምታደርሰው ገና ከመሬት ብቅ ሳትል ነው፤ ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቃ ውኃውንና ምግቡን ትመጠዋለች። ገበሬው አይቶ ሲነቅላት ማሽላው ቀድሞ ቀጭጯል። አንዷ አቀንጭራ እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር በአሥር ሺዎች ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ታዲያ ያን ያህል ዘመን የተኛ ዘር የማሽላ ሥር አጠገቡ መድረሱን በምን ያውቃል?

በኬሚካል ነው። የማሽላው ሥር እጅግ ጥቂት ኬሚካል ወደ አፈሩ ያመነጫል፤ የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው ያ ሲደርሰው ነው። ነቅቶ የሚጣበቅበት ሥር ካጣ በጥቂት ቀናት ይሞታል። ምዕራብ ሸዋ፣ ወሎንኮሚ የተወለዱት፣ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታና ባልደረቦቻቸው ይህን ይዘው ኬሚካሉን በጣም አሳንሰው የሚያመነጩ የማሽላ ዓይነቶችን ለዩ፤ ያንን ባሕርይም ጥሩ ምርት ካላቸው ጋር አዳቀሉ። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ውጤት ናቸው። ፕሮፌሰሩም በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ዘሩ ግን ብቻውን አልተሰጠም፤ ከማዳበሪያና የአፈር እርጥበት ከሚይዝ አስተራረስ ጋር ተቀናጅቶ ነው ለገበሬው የቀረበው። በደብተራችሁ ውስጥ ተለያይተው የተቀመጡት የዘር ውርስ፣ ኬሚስትሪና ፕሮባቢሊቲ እዚያ ማሳ ላይ አንድ ሥራ ናቸው።

የህዳሴ ግድብንም በዚሁ ዓይን እዩት። 13 ተርባይኖቹ በጠቅላላ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ ለአንዱ በአማካይ 396 ይደርሰዋል። በሰከንድ 300 ሜትር ኩብ ውኃ ከ130 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም፣ የመሬት ስበት ፍጥነት ጭማሪም 9.8 ነውና 1,000 × 9.8 × 300 × 130 ብላችሁ አባዙ፤ 382 ሚሊዮን ዋት፣ ማለትም 382 ሜጋ ዋት ገደማ ታገኛላችሁ። ከብክነት በኋላ 90 በመቶው ቢቀር 344 ነው። የምትማሩት ቀመር የሚያወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ተርባይን ይህን ያህል ይቀራረባል።

ሁሉም ተመራማሪ ወይም መሐንዲስ ይሁን አንልም። የሆስፒታል መሣሪያ የሚጠግን፣ ሞተር የሚጠቀልል፣ የውኃ ፓምፕ የሚተክል የቴክኒክና ሙያ ምሩቅም የዚሁ ዘርፍ ሰው ነው፤ አገራችንም በጣም ትፈልገዋለች።

«ይሆነኛል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ዛሬ ማታ ቤታችሁ የምትሠሩት ፈተና አለ። ትንሽ ድንጋይ በክር እሰሩና ስቀሉ፤ ይህ ፔንዱለም ይባላል፤ ክሩ ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ድንጋዩ መሐል ልክ 1 ሜትር ይሁን። ከ10 ዲግሪ ሳታሳልፉ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት። 20 ጊዜ ደርሶ መልስ ሲወዛወዝ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በስልካችሁ ለኩና ለ20 አካፍሉ። ከዚያ 39.5ን በርዝመቱ አባዝታችሁ፣ ያገኛችሁትን ጊዜ በራሱ አባዝታችሁ ለእሱ አካፍሉት። 9.8 አካባቢ መምጣት አለበት፤ የመሬት ስበት ፍጥነት ጭማሪ ነው። 10.9 ከመጣ፣ ድንጋዩን ስትለቁ «ዜሮ» በማለት ፈንታ «አንድ» ብላችሁ ጀምራችኋል፤ የለካችሁት 19 ውዝዋዜ ብቻ ነው። 9.5 ከመጣ ደግሞ ርዝመቱን እስከ ድንጋዩ አናት ብቻ ለክታችሁ ይሆናል። ይህ ስሕተት ከየት መጣ ብላችሁ ደግማችሁ ለመለካት ከተነሣሣችሁ፣ ለእኛ ከሰርተፊኬት ውጤት የበለጠ ምልክት ነው።

ፊዚክስ ከበደኝ የሚል ተማሪ ብዙ ጊዜ የከበደው ሒሳቡ ነው፤ ያውም የ7ኛና የ8ኛ ክፍሉ። ክፍልፋይ፣ የኔጌቲቭ ምልክት፣ ከቀመር ውስጥ የሚፈለገውን ለብቻው ማውጣት። የድሮ መጽሐፋችሁን አውጡ፤ ለሦስት ሳምንት በየቀኑ 30 ደቂቃ፣ የተሠራውን ምሳሌ ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩት። መልሱን ከማየታችሁ በፊት መለኪያውን አረጋግጡ፤ ፍጥነት ተጠይቃችሁ መልሳችሁ በኪሎ ግራም ከወጣ ቀመሩን ስታገላብጡ ተሳስታችኋል። ቀመሩን ሸምድዶ ማለፍ እስከ 10ኛ ክፍል ሊሠራ ይችላል፤ 12ኛ ላይ ጥያቄው መልኩን ሲቀይር ግን ይወድቃል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ማታ ድንጋይ ሲያወዛውዝ ብታዩት አትቆጡት፤ ሰዓቱን ያዙለት። መምህራን፣ ላብራቶሪው ውስጥ ያለው ሚዛንና ቴርሞሜትር ከሳጥኑ ወጥቶ በተማሪዎቹ እጅ ይግባ። ተማሪዎች፣ የምርጫው ቅጽ ከመምጣቱ በፊት ፔንዱለሙን ሠርታችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር ለፊዚክስ መምህራችሁ አሳዩ።

አመሰግናለሁ።