ዋጋው ከመቆረጡ በፊት ናሙናው ይለቀም

(በኮምቦልቻ፣ የማሾ ለቀማ፣ ማለትም ከዚህች ትንሽ አረንጓዴ ጥራጥሬ ጉድፉን በእጅ የማውጣት ሥራ፣ ሊጀመር ሲል ለለቃሚዎች፣ ለገበሬዎች፣ ለነጋዴዎችና ለመጋዘን ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልን!

ከቃሉ፣ ከባቲ፣ ከተሁለደሬ፣ ከሐብሩም ድረስ የመጣችሁ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ ማሾ የዘራችሁ ገበሬዎች፤ የመጋዘን ባለቤቶችና ካቦዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። መስከረም ተጋመሰ፤ ቆላው ላይ ማሾው እየጠቆረ ነው። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ይገባል፣ ጆንያው ይወርዳል፣ ሰፌድ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ማንም ማንንም አይሰማም። የምንነጋገረው ዛሬ ነው።

የተሰጠኝ ርዕስ ሰፊ ነው። ፍራፍሬ መልቀሙም፣ እህል ማበጠሩም፣ ጭነት ማውረዱም አለበት። ሁሉንም እነካካለሁ። የመጣሁበት ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ የለቀማ ዋጋ ጆንያው ሳይፈታ እየተቆረጠ ነው። ይህ ነገር ይብቃ!

እስኪ አንድ ጆንያ እንፍታ። ደህና ፍሬ ያለው ማሾ ሺህ ፍሬው 50 ግራም ገደማ ይመዝናል። እንግዲህ አንድ ኪሎ ማለት 20,000 ፍሬ ነው፤ አንድ ኩንታል 2 ሚሊዮን። ለቃሚዋ ይህን ሁሉ በዓይኗ ታልፈዋለች፤ በእጇ የምታነሳው ግን ጉድፉን ነው። ጉድፉ ምንድነው? የተሰነጠቀ፣ የተኮማተረ፣ ቀለሙ የጠፋ፣ ነቀዝ የበሳው ፍሬ፤ የአረም ዘር፤ ጠጠር፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ድቡልቡል የአፈር ጓል። ገለባውን ንፋስ ይወስደዋል፣ ትልቁን ጠጠር ወንፊት ይይዘዋል፣ አሸዋውን ሌላው ወንፊት ይጥለዋል። ጓሏ ግን መጠኗም ክብደቷም ማሾ ነው። ከማሾው ጋር አብራ ታልፋለች። ከጣት በቀር የሚይዛት የለም።

አሁን ሁለት ጆንያ ጎን ለጎን እናቁም፤ ሁለቱም መቶ መቶ ኪሎ ናቸው እንበል። አንደኛው ሸራ ላይ የተወቃ ነው፤ ከኪሎው 30 ግራም ጉድፍ ይወጣል። ሁለተኛው ባዶ መሬት ላይ የተወቃ ነው፤ ከኪሎው 120 ግራም ይወጣል። ጉድፉን በማሾው ፍሬ ልክ ብንቆጥረው፣ የመጀመሪያዋ ለቃሚ ኩንታሉን ለመጨረስ 60,000 ጊዜ ታነሳለች። ሁለተኛዋ 240,000 ጊዜ! ፈጣን እጅ በሰከንድ ሁለት ያነሳል ካልን፣ የመጀመሪያዋ በስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ትጨርሳለች፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሁለተኛዋ ሠላሳ ሦስት ሰዓት ትቀመጣለች፤ አራት ቀን። ወገቧን፣ ዓይኗን፣ የምትውጠውን አቧራ ሳንቆጥር ማለት ነው።

ሚዛን ላይስ? የመጀመሪያዋ 97 ኪሎ ንጹህ ማሾ ታስረክባለች። ሁለተኛዋ 88። ክፍያው በንጹህ ኪሎ ነው። እንግዲህ አራት ቀን የተቀመጠችው፣ አንድ ቀን ከተቀመጠችው ዘጠኝ ኪሎ አንሶ ይከፈላታል! ከእናንተ መካከል ይህን ሂሳብ ለራሱ የሚቀበል ነጋዴ አለ? እስኪ እጅ ያውጣ!

ደግሞ ንጹሑ ጆንያ ለማን ነው የሚደርሰው? ካቦ ለወደዳት። ሁላችሁም የምታውቁትን ነው የምናገረው። የጆንያ ድልድል የጉርሻ መቀበያ ሆኗል።

«ዋጋ በጆንያ መለያየት አይቻልም፤ ያጨቃጭቃል» ይባላል። ነጋዴው ወንድሜ፣ ያንኑ ማሾ ወደ ምርት ገበያ መጋዘን ስትወስደው ምን ይደረጋል? ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው ይመዘናል፣ ጉድፉ ይለያል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ዋጋህም በደረጃው ነው። ጆንያውን አይቶ «ያው ማሾ ነው» የሚልህ የለም። ቢልህ ትጮህ ነበር። ታዲያ ለመሸጥ ሲሆን ጉድፍ ይመዘናል፣ ለለቃሚ ሲሆን ጉድፍ የማይታየው በምን ሕግ ነው?

ናሙናው እንዲህ ይወሰድ። ከአንድ መኪና ጭነት ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከታችም ጆንያ ይመረጥ፤ አፉ አካባቢ ያለውን ብቻ መዛቅ ዋጋ የለውም፤ በመንገድ ሲናጥ ደቃቁ ወደ ታች ይወርዳልና። ከየጆንያው በኩባያ የተወሰደው ሸራ ላይ ይፍሰስና በደንብ ይደባለቅ። ክምሩ ተዘርግቶ በመስቀለኛ አራት ቦታ ይከፈል፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ ይነሱ፣ የቀሩት ሁለቱ እንደገና ይደባለቁ። አንድ ኪሎ እስኪቀር እንዲህ ይደጋገም። ያንን ኪሎ ሁለት ለቃሚዎች፣ አንዷ ለቃሚዎቹ የመረጧት አንዷ መጋዘኑ የመረጣት፣ እኩል ተካፍለው ይልቀሙት። ጉድፉ በትንሽ ሚዛን በግራም ይመዘን፤ የሁለቱም ደቂቃ ይደመርና ይጻፍ። ድምሩ አምስት ደቂቃ ከሆነ ኩንታሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሃያ ከሆነ ከአራት ቀን በላይ ነው። ዋጋው በዚህ ይቆረጥ። ለንጹሕ ጭነት አንድ ዋጋ፣ ለመካከለኛው አንድ፣ ለቆሻሻው አንድ፤ ሦስት እርከን ይበቃል። ሥራው ሁሉ አንድ ስኒ ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ይጠናቀቃል፤ አቦሉ ላይ ተጀምሮ ቶናው ሳይደርስ።

ውጤቱ ለነጋዴውም ነው። ለቆሻሻ ጆንያ ብዙ የሚከፍል ነጋዴ፣ ንጹሕ ላመጣለት ገበሬ የተሻለ ዋጋ መስጠት ይጀምራል። ዛሬ ግን የገበሬው ጓል ወጪ የሚወጣው ከለቃሚዋ ጉልበት ስለሆነ ማንንም አይቆረቁረውም።

ገበሬዎች ሆይ፣ አሁን ወደ እናንተ ነኝ፤ እንዳትቀየሙኝ። ጓሏ የምትፈጠረው እርሻ ላይ ነው። ማሾ እኩል አይደርስም፤ ታችኛው ቆባ ሲጠቁር ላይኛው ገና አረንጓዴ ነው። ሁሉም እስኪደርስ ከተጠበቀ የመጀመሪያው ፈንድቶ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ የጠቆረው እየተመረጠ በሁለትና በሦስት ዙር ይለቀም፤ ያውም በማለዳ፣ ጤዛው ቆባውን እንዳለሰለሰው። ረፋዱ ላይ ሲደርቅ እጅ ሲነካው ይፈነዳል። በጅምላ የምትሰበስቡ ደግሞ አትንቀሉት፤ በማጭድ እጨዱት። የተነቀለ ማሾ ከነሥሩ አፈር ይዞ አውድማ ይገባል፤ ሲወቃ አፈሩ ይደቅቅና ማሾ ያህል ጓል ይሆናል። አውድማው በእበት ቢለቀለቅም የሚላቀቅ ፍርፋሪ አያጣውም፤ ሸራ ይዘርጋ። ሲወቃም እንጨቱ በጣም አይበርታበት፤ የደረቀ ማሾ ሲመታ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ክክ ደግሞ በጉድፍ ይቆጠራል። ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ አይግባ። ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ጥርስ ከተቀበለ ገና ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ለማቆየት ያሰበ ሰው ውስጡ ሁለት ላስቲክ ያለውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይጠቀም፤ አየር ሲያልቅ ነቀዙ ይሞታል። ከረጢቱ ግን አንድ ቦታ ከተበሳ ያው ተራ ጆንያ ነው።

ወደ ሚዛን ልመለስ፤ እዚያም ሌላ ቁስል አለ። «የጆንያ» እየተባለ ከለቃሚዋ አንድ ኪሎ የሚቀነስበት ቦታ አለ። ይህ የላስቲክ ጆንያ ባዶውን 200 ግራም አይሞላም! ባዶው ይመዘን፤ የመዘነው ይቀነስ። ባስኩላው ከመጀመሩ በፊት ባዶውን ዜሮ ማሳየቱ ይታይ፤ አንዱ ጆንያ መሃሉ ላይ፣ ከዚያ በአራቱም ማዕዘን እየዞረ ይቀመጥ። ቁጥሩ ከተለያየ ሚዛኑ ታሟል፤ እስኪጠገን ሥራ አይጀመርበት። ኪሎው ሲነበብም ለቃሚዋ ራሷ ትየው፤ ካቦው ደብተሩ ላይ ጽፎ ማታ የሚነግራት ቁጥር ቁጥር አይደለም።

ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወቅት ሥራን ያውቀዋል፤ በየዓመቱ በወቅቱ እየተደጋገመ ለሚመጣ ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ውል መግባት ይፈቅዳል። «የወቅት ሠራተኛ መብት የለውም» ግን የትም አልተጻፈም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ወረቀት መስጠት አለበት። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በእጥፍ፣ የበዓል ቀን በሁለት ተኩል ይከፈላል። ከደመወዝ መቁረጥ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ስትስማማ ብቻ ነው። የካቦ ቃል ከእነዚህ ውስጥ የለም! ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። «እናቱን እያገዘ ነው» እየተባለ ሰፌድ የያዘው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቅጥር ነው፤ ራሳችንን አናታል።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። መርሳና አካባቢው ፍራፍሬ የምትለቅሙ፣ ብርቱካን በመቀስ ይቆረጥ እንጂ አይመንጨቅ፤ ከጭራው ሥር ልጣጩ ከተቀደደ በዚያው ይበሰብሳል። ብርቱካን ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነቱ አይጨምርም፣ ማንጎ ግን ይበስላል፤ ስለዚህ ማንጎው ጠንከር እንዳለ ከነአጭር ጭራው ይውረድና ወተቱ እስኪንጠፈጠፍ ተደፍቶ ይቆይ። ወተቱ ልጣጩንም የእናንተንም ቆዳ ያቃጥላል። ዛፍ አራግፎ መልቀም ለበሰበሰ ማንጎ መድከም ነው።

ለሰሊጥ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የምትወርዱ ልጆች፣ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ግራር ሥርና በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ አትተኙ፤ ካላዛር የተባለውን የትኩሳት በሽታ የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ እዚያ ናት። ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈና ሆድ ከተነፋ የወባ ኪኒን ብቻ እየዋጣችሁ አትቀመጡ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ከየት እንደመጣችሁ ተናገሩ። ጫኝና አውራጆች፣ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ጠይቁ፤ የመቶው ለነጋዴ ቆጠራ ይመቸዋል እንጂ ለአከርካሪ አይመችም።

በሩ ላይ ሁለት ጆንያ ማሾ አሉ፤ አንዱ ሸራ ላይ የተወቃ፣ አንዱ መሬት ላይ። ሸራ፣ ኩባያ፣ የግራም ሚዛንና ሰዓት ተዘጋጅቷል። ከዙህር ሶላት በኋላ ናሙናውን በሁላችሁም ፊት እናወጣለን። ዋጋ የምትቆርጡ ነጋዴዎች ሳትለቅሙ ወደ ቤት እንዳትሄዱ፤ ለእናንተም ሰፌድ ተመድቧል።

አመሰግናለሁ።