ሙዙን ከሩዙ አታርቁት
(ድሬዳዋ ላይ ለምግብ ዝግጅት ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የዛሬ ባለቀኖች ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! እንኳን አደረሳችሁ!

ሙቀቱ ከብዷል፣ ወላጆችም ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብላችኋል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ላወራችሁ የፈለግኩት ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ሲያየው "ይሄ ደግሞ ከዚህ ጋር ይበላል እንዴ?" ስለሚለው ምግባችን ነው። ሩዝ በሙዝ። እንቁላል በማር። ቡና በጨው። እኛ እነዚህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንበላና ስንጠጣ ኖረናል። ጠዋት መንገድ ዳር ቁጭ ብለን እንበላቸዋለን፣ ጎረቤት ቤት እንበላቸዋለን። ግን የሆቴሎቻችንን ሜኑ ግለጡ። ክለብ ሳንድዊች አለ። ስፓጌቲ አለ። ክትፎና ጥብስ አለ። የድሬና የሐረር ጣዕም ግን አብዛኛዎቹ ላይ የለም። እኔን ይሄ ያንገበግበኛል። ከዛሬ ጀምሮ ወጥ ቤቱ በእናንተ እጅ ስለሆነ ደግሞ ለእናንተ ነው የምነግራችሁ።

ከፈጢራ ልጀምር። ፈጢራ ያልበላ የድሬ ልጅ የለም። ስትሠራ ቆሞ በደንብ ያየ ግን ጥቂት ነው። ሊጡ ዘይት ተቀብቶ ያርፋል፤ ሳያርፍ ከተነካ ይበጣጠሳል። ካረፈ በኋላ ባለሙያዋ ዘይት የተቀባ ጠረጴዛ ላይ በመዳፏ እየገፋች፣ ጠርዙን እያነሳች እየሳበች፣ የጠረጴዛው ቀለም ከሥር እስኪታይ ድረስ ታሳሳዋለች። የጋለው ብረት ምጣድ ላይ ስታሳርፈው ወዲያው እዚህም እዚያም ያብጣል። ጨው ያለው የተመታ እንቁላል መሃሉ ላይ ይፈስሳል። አራቱም ጠርዝ ይታጠፍበታል። ይገለበጣል። ዳሩ ደረቅ ሲል ይወጣና ይቆራረጣል። ከዚያ ማሩ ይመጣል። ማር ትኩስ ነገር ላይ ሲያርፍ ይቀጥናል፤ በንብርብሩ መሃል ሰርጎ ይገባል። ስትጎርሱ መጀመሪያ የምታገኙት ማሩን ነው፤ ቀጥሎ የተጠበሰውን ሊጥ፤ በመጨረሻ ጨው ያለውን እንቁላል። እንቁላል ላይ ማር ሲፈስ አይቶ ፊቱን የሚያጨማድድ እንግዳ ብዙ አይቻለሁ። "ማሩን ለብቻ አድርጉልኝ" የሚልም አለ። ለብቻ ስጡት፤ መብቱ ነው። ግን አንዷን ቁራጭ ማር አስነክታችሁ አቅምሱት።

ጨው ከጣፋጭ ጋር እንዲህ የሚስማማው፣ መራራንም የሚገራው በምክንያት ነው። ይሄን በደንብ የሚያሳየው ቡናችን ነው።

ሐረርጌ ውስጥ ከቡና የማይጠጣ ነገር የለም። ፍሬው ብቻ አይደለም። ቅጠሉ ደርቆ፣ ምጣድ ላይ ተቆልቶ፣ ሲፈላ ቁጢ ነው። ገለፈቱ ሲፈላ ሀሸር ነው። ወተት ገብቶበት ሲፈላ ብዙው ሰው ሆጃ ይለዋል። ስኳር የሚያደርጉበት አሉ፣ ጨው የሚያደርጉበት አሉ። እኔ የጨው ወገን ነኝ።

በ1997 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት ወጥቶ ነበር። ፊላደልፊያ በሚገኘው የሞኔል ማዕከል የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች መራራና ጣፋጭ ነገር ቀላቅለው ለሰዎች አቀመሱ። ከዚያ የሶዲየም ጨው ጨመሩበት። መራራው ወረደ። እሱ ሲወርድ ተሸፍኖ የነበረው ጣፋጭ ብቅ አለ። ይሄን ወጥ ቤት ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። ጠንከር ያለ ቁጢ በሁለት ስኒ ቅዱ። አንዱ ላይ ቁንጥር ጨው ጣሉ። ቁንጥር ነው ያልኩት፤ ጨው ጨው እንዲል አይደለም። አማስሉና ሁለቱን አከታትላችሁ ቅመሱ። ጨው ያለው ስኒ ምላስ ላይ ለስለስ ይላል፣ ቅጠሉም የራሱን ጣዕም ይሰጣችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ስሙኝ። የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠል ሻይ በገበያው ላይ እንዲሸጥ የፈቀደው በ2020 ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ከሌላ አገር የመጣ ባህላዊ ምግብ ተብሎ ነው። የደረቀውን የቡና ገለፈት ደግሞ በ2022 ፈቀደ። እዚያ ገለፈቱ ካስካራ በሚል ስም ይሸጣል፣ ሜኑ ላይ ይጻፋል። እዚህ፣ ቡናው በበቀለበት ምድር፣ ሆቴል ገብታችሁ ሆጃ እዘዙ እስቲ። ብዙ ቦታ የከረጢት ሻይ ነው የሚመጣላችሁ። አቦ፣ ይሄ ነገር ይብቃን!

ሩዝና ሙዝ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ክርክር የሰማሁት እዚህ ላይ ነው። ሶማሌ ቤት ምሳ የበላችሁ ታውቁታላችሁ። ሩዙ በቅመም ይሠራል፣ ሥጋው ከላይ ይሆናል፣ ባስባሱ፣ ማለትም የሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ በጎን ይቀርባል፣ አንድ ሙዝ ደግሞ አብሮ ይመጣል። በአንድ የተግባር ክፍለ ጊዜ ከመሃል አገር የመጣ ተማሪ ሙዙን አንስቶ ዳር አስቀመጠው። ከምግብ በኋላ ሊበላው ነው። ከጎኑ የነበረችው የሶማሌ ልጅ ምንም ሳትለው የራሷን ሙዝ ላጠች። ቆረስ አድርጋ ከሩዙና ከባስባሱ ጋር በጣቷ ጠቅልላ ጎረሰች። እሱም ዝም ብሎ አያት፣ አያትና የራሱን ላጠ።

ባስባስ ያቃጥላል። የሚያቃጥለው ቃሪያው ውስጥ ያለ ካፕሳይሲን የሚባል ነገር ነው። ካፕሳይሲን ምላሳችን ላይ የሚነካው የእሳትን ሙቀት የሚያውቀውን የነርቭ ተቀባይ ነው። ለዚህ ነው ያልጋለ ምግብ እንደጋለ የሚሰማን። ይሄን ተቀባይ ያገኘው አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስ ነው፤ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የሕክምና ኖቤል ተሸልሟል። ጣፋጭ ነገር ይሄን ማቃጠል ያበርደዋል። ወተትም እንደዚሁ። ስለዚህ ሙዙ የእንግዳ ማባበያ ሆኖ የመጣ አይደለም፤ ሳህኑ ላይ ሥራ አለው። ሙዙን ካነሳችሁት ባስባሱን መቀነስ ይኖርባችኋል። ባስባሱን ከቀነሳችሁት ሩዙ አፍ ውስጥ ይከብዳል። አንዱን ስትነኩ ሁሉም ይነካል። ለዚህ ነው ሙዙን ከሩዙ አታርቁት የምላችሁ።

እንዲህ ያለ ገበታ እዚህ የበዛው ከተማችን በተፈጠረችበት መንገድ ነው። በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ገና መቆርቆሯ ነበር። ከባቡሩ ጋር ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑ መጣ። ኦሮሞውና ሶማሌው ባለአገር ነው። ሐረሪው ቅርብ ነው፤ አማራውና ጉራጌው ለሥራና ለንግድ መጣ። ከዚራ ሰፈርም ሆነ መጋላ ሰፈር፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሳህን ሲያቀባብል ኖሯል። ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ይሄን ከእናቶቻችሁ ታውቁታላችሁ።

የሐረሪዎችን ሁልበት መረቅ ሳላነሳ ባልፍ አልወድም። ሁልበት አብሽ ነው። አብሽ መራራ ነው። በውሃ ይዘፈዘፋል፣ መራራው ውሃ ይደፋል፣ ከዚያ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል። ክንድ ይፈልጋል። የመኖችም ሁልባ ብለው አብሽን እንዲሁ እየመቱ ትኩስ ወጥ ላይ ይደፉበታል። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ያለ ዝምድና ነው። መጀመሪያ ሽታው ይቀድማችኋል፣ ሁለተኛ ጊዜ ትለምዱታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። እንግዳ ቅልቅል ሁሉ ጥሩ ነው አላልኩም። ቲክቶክ ላይ ለእይታ ተብሎ ሽሮ ውስጥ ቸኮላት የሚጨምር ሰው ብታዩ አትከተሉት። እነዚህ የነገርኳችሁ ምግቦች ብዙ እናቶች ብዙ ጊዜ ቀምሰው፣ ልጅ በልቷቸው፣ እንግዳ ደግሟቸው የቆዩ ናቸው። አዲስ ነገር መሞከር ሙያችሁ ነው። ግን ከሳህኑ ላይ ምን እንደሚቀንስ፣ ምን እንደሚያጎላ መናገር ካልቻላችሁ ለደንበኛ አታቅርቡት።

ወላጆች፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። ልጅ ጣዕም የሚለምደው ገና በማኅፀን እያለ ነው። በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ላይ በእርግዝናቸው ወራት ወይም ሲያጠቡ የካሮት ጭማቂ የጠጡ እናቶች ልጆች፣ ምግብ ሲጀምሩ የካሮት ጣዕም ያለውን ከሌሎቹ ልጆች በተሻለ ተቀብለውታል። ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ይዘውት የሚሄዱትን ምሳ "ሰው ይስቅብሃል" ብላችሁ አትቀይሩባቸው። አንድ ልጅ የምሳ ዕቃውን ክዳን በእጁ ከልሎ ሲበላ ማየት ያማል። ሌላው ልጅ ሲስቅም ዝም አትበሉት፤ ጠርታችሁ አቅምሱት።

ተመራቂዎች፣ ሥራ ስትጀምሩ አለቃችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ሜኑ ላይ ሁለት መስመር ይስጣችሁ። አንዱ ላይ ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ ሌላው ላይ ሆጃ በጨው ብላችሁ ጻፉ። በራሱ ስም ጻፉት። "የሼፉ ልዩ" ምናምን አትበሉ። የሐረሪ ከሆነ የሐረሪ፣ የኦሮሞ ከሆነ የኦሮሞ፣ የሶማሌ ከሆነ የሶማሌ በሉት። አሠራሩንም መንገድ ዳር ከሚሠሩት እናቶች ሂዳችሁ ተማሩ። "አዴ፣ አሳዩኝ" በሏቸው። ለሰጧችሁ ጊዜም ክፈሏቸው፤ ሙያቸው ነው። እንግዳው ይፈራል ብላችሁ ደግሞ ጨውና ቅመሙን አታለዝቡት። ለምን እንደገባ በአንድ አረፍተ ነገር ንገሩትና አቅርቡለት።

አሁን ውጪ ጥላው ሥር ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ እንዲበላ ሥጋ አላስቀመጥንም። ጾም ላይ ያላችሁ ሩዙ በዘይት ነው፣ ቁጢውም ያለ ወተት በቀዩ ፔርሙስ አለ። የባቢሌ ኦቾሎኒ ስላለ የማይስማማው ሰው ለአስተናጋጆቹ ይንገር። ፈጢራው ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ከእሱ ጀምሩ። ሰልፉ ላይ ትልልቅ ሰዎችን አስቀድሙ። አመሰግናለሁ።