እሬትና ቁልቋል፦ የአድማጮች ጥያቄና የዕፅዋት ባለሙያው መልስ

ጥያቄ፦ ከባቲ በላይ ባለው ደረቅ ኮረብታ ላይ ከብት ስጠብቅ ከምናውቀው የተለየ እሬት አይቻለሁ። ነቅዬ ላምጣላችሁ?

መልስ፦ እባክዎ አይንቀሉት። እሬት ድርቅ ሲጠናበት ቅጠሉ ይቀላል፣ ይኮማተራል፤ ስለዚህ የለመድነው ዝርያ እንኳን ሌላ ሊመስለን ይችላል። የሚለየው አበባውና የአበባው ዘንግ ከተመዘገቡ ናሙናዎች ጋር ሲነጻጸሩ ነው። ሲያብብ ከነዘንጉ ፎቶ ያንሱት፤ ቦታውን በሚገባ ያስታውሱና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) ያሳውቁ። ያዩትን ቀላል ነገር ነው ብለው እንዳይተዉት አደራ እላለሁ፤ በወሎ ስም የተሰየመው አሎ ወሎኤንሲስ (አሎ የእሬት ሳይንሳዊ ስም ነው) ለሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የተገለጸውን አሎ በርተማሪዬን ደግሞ ከዕፅዋት ተመራማሪው ከፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ጋር የሰየሙት ማውሪዚዮ ዲዮሊ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ አዲስ ዝርያ የሚያስተውለው የዕፅዋት ባለሙያ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቁልቋል ካክተስ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ካክተሱ በትግራይ በለስ የሚባለው ነው፤ እርሱም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ የቁልቋል ወተት ለጭርት ትቀባለች፤ በሰፈራችን ደግሞ አዲስ የታየውን እሬት ለሆድ ድርቀት መጠጣት ጀምረዋል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ ደጋግሜ የምጠየቀው ስለሆነም ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። የቁልቋል ወተት ቆዳን ያቃጥላል፣ ያቆስላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ዕይታን እስከ መጋረድ ይደርሳል። የቁልቋል አጥር ስትቆርጡ ዓይናችሁ ውስጥ የተፈናጠቀባችሁ እንደሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ፣ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር ሳትጨምሩ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። ከእሬት ቅጠል የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽም አንጀትን በኃይል የሚያስቀምጥ አሎይን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ የሰውነትን ውኃና ጨው ያሟጥጣልና ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት በፍጹም ሊቀምሱት አይገባም። ገና ስም ያልወጣለት፣ ምን እንደያዘ ማንም ያልመረመረው ተክል ሲሆን ደግሞ መጠኑን የሚነግራችሁ ሰው የለም፤ አንዳንዱ እሬት ከአንድ ሸንተረር ውጭ ስለማይበቅልም ለመድኃኒት እየተባለ ሲነቀል ዘሩ ይጠፋል። አትንቀሉ፣ አትቅመሱ። ለእናትዎ ጭርት የቆዳ ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ላለችው እህቴ ከዱር የተነቀለ የእሬት ችግኝ መላክ እችላለሁ?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይችሉም። የዱር እሬት ንግድና ዝውውር ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ በቅድሚያ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ይጠይቁ። ከዱር መንቀሉን ግን ፈቃድ ቢያገኙም አልመክርዎትም።

ጥያቄ፦ ፍየሌ የማላውቀው ቁልቋል በልታ አፏ አብጧል። ምን ላድርግላት?

መልስ፦ ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት፤ የበላችውን ተክል ፎቶም ይዘው ይሂዱ።