ወታደር ውሉን ሳያድስ የሚሄደው ለምንድን ነው?

ተመልካቾቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ወታደሮች ሞራል፣ ስለ ሥራ ጫና እና የሠለጠነ ሰው በአገልግሎት ስለ ማቆየት ነው።

እስቲ ቃሬዛ አስቡ። ቁስለኛ ተኝቶበታል፤ አራት ሰዎች ተሸክመውታል፤ ሌሎች አራት ደግሞ ተራቸውን እየጠበቁ ከጎን ይሄዳሉ። መንገዱ ቢረዝምም መቀያየር ስላለ ሁሉም ይዘልቃሉ። አሁን ተቀያሪዎቹ አንድ በአንድ ቀሩ እንበል። ቃሬዛው ይወርዳል? አይወርድም፤ ሰው አለበት። ተሸካሚዎቹ ትከሻቸው እየቆሰለ ይቀጥላሉ፤ ከሩቅ የሚያይ አዛዥም ቃሬዛው እስከተጓዘ ድረስ የጎደለ ነገር ያለ አይመስለውም። ከአራቱ አንዱ ሲቀር ግን ክብደቱ በሦስቱ ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ የሚቀጥለውን ስንብት የሚያፋጥነው ያለፈው ስንብት ነው። በጦር ክፍልም እንዲሁ ሰው ሲያንስ ጥበቃው፣ ጥገናውና ግዳጁ አያንሱም።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ፊትዝጄራልድ እና ጆን ኤስ. ማኬይን የተባሉት የአሜሪካ የጦር መርከቦች በሁለት ወር ልዩነት ከንግድ መርከቦች ጋር ተጋጭተው 17 መርከበኞች ሞቱ። ድካምና የሥልጠና ጉድለት ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ነበሩ። ባሕር ኃይሉ ራሱ በ2014 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጥናት መርከበኞች በሳምንት 108 ሰዓት ያህል ሥራ ላይ እንደሚቆዩ አረጋግጦ ነበር፤ የተመደበላቸው ግን 80 ሰዓት ነበር። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነውና ለእንቅልፍ፣ ለምግብ፣ ለቤተሰብ፣ ለሁሉም የሚቀረው 60 ሰዓት ብቻ ነው።

ስሌቱን በአጭሩ እንለፈው፦ የማቆየት መጠን ማለት ውላቸው ካበቃ አባላት መካከል ያደሱት ድርሻ ነው። አጠቃላይ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ መካኒኮቹ ወይም የራዳር ባለሙያዎቹ ብቻ እየለቀቁ ሊሆን ስለሚችል፣ በሙያና በማዕረግ ከፍሎ ማየት ግድ ነው።

ብዙዎቻችሁ ግን «አንድ ቢሄድ ሌላ ይመለመላል፤ ምን ችግር አለው?» ትሉናላችሁ። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ፋብሪካ ልምድ ያለው ኃላፊ ከሌላ ፋብሪካ መቅጠር ይችላል፤ ጦር ግን የአሥር ዓመት ልምድ ያለው ሃምሳ አለቃ ከገበያ አያገኝም። ያን ሰው ለማፍራት አሥር ዓመት ያስፈልጋል። አዲሱ ምልምል ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጫና አያቀልም፤ የሚያሠለጥነውና የሚከታተለው ያው የቀረው ሃምሳ አለቃ ነውና ጫና ይጨምራል። ውል ለሚያድስ የሚሰጠው ጉርሻ ተገቢ ነው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ገንዘብ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሦስት ጊዜ የተሰረዘበትን የዓመት ፈቃድ ጉርሻው አይመልስለትም። በእኔ እምነት አንድ አዛዥ ለሞራል ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገር የፈቃድና የተረኝነት መርሐ ግብርን አስቀድሞ ማሳወቅና ያሳወቀውን መጠበቅ፣ ሰው ሲጎድልም የትኛው ሥራ እንደሚቀር ለበላይ በግልጽ መንገር ነው።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ተደጋጋሚ ዝውውር በወታደር ቤተሰቦች ላይ የሚያደርሰውን ጫና እናያለን፤ እንዲደርሳችሁ ቻናላችንን ሰብስክራይብ አድርጉ።