ሯጩ አፍንጫ

የተከበራችሁ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ውድ ተርጓሚዎች፣

አስተባባሪዎቹ «ስለ መዝገበ ቃላት አጠቃቀም ጥቂት በል» ብለውኝ ነው የቆምኩት። እላለሁ። አስቀድሜ ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር ላውጣ።

ተማሪ ሳለሁ ደብተራችንን መሀል ለመሀል በማስመሪያ እናሰምር ነበር፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። መቼም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ረን» ከሚለው ትይዩ «ሮጠ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሸመደድኩ፣ ፈተና ገባሁ። አንዲት ሴትዮ ሆቴል «ረን» ታደርጋለች ይላል፤ «ሆቴል ትሮጣለች» አልኩ። ቀጥሎ የልጇ አፍንጫ «ረን» ያደርጋል፤ እኔ ምን ቸገረኝ፣ «አፍንጫው ይሮጣል»። መምህሩ ወረቀቴን ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡት። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ በቀይ ሰርዘው መለሱልኝ። ሴትዮዋ ሆቴል እንደምታስተዳድር፣ የልጁ ንፍጥ እንደሚወርድ የነገረኝ የለም። ዓመቱን ሙሉ ስሜ «ሯጩ አፍንጫ» ሆኖ ቀረ።

ጥፋቱ የማን ነው? የኔ? የዚያ መስመር ነው እንጂ!

የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለዚህ አንድ ግሥ 645 ፍቺ ቆጥረዋል። አዘጋጁን ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል፤ እርግዝና ነው እኮ! ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1989 እትም በፍቺ ብዛት የሚመራው «ሰት» የሚለው ሌላ የእንግሊዝኛ ግሥ ነበር፣ 430 ፍቺ ይዞ። (በኛ ፊደል ስጽፈው እጄ «ሴት» እያለ ያስቸግረኛል።) ዘጠኝ ወር የተደከመበትን እኛ በአንድ መስመር ጨረስነው!

ደግሞ አፍንጫው ባዳ አይደለም። የ«ረን» ጥንታዊ ሥር መሮጥንም መፍሰስንም ይዞ ነው የመጣው፤ የጀርመንኛው ዘመዱ ዛሬም የውኃን መንቆርቆር ይናገራል። ኋላ ማሽን መጣ፣ ሞተሩም ኮምፒውተሩም በዚሁ ቃል ይሠሩ ጀመር። ምርጫ ላይማ ጉድ ነው፦ ለአንድ ዓይነት ወንበር አሜሪካዊው «ይሮጣል»፣ እንግሊዛዊው «ይቆማል»። ሁለቱም ተወዳደሩ ማለት ነው።

ይህ ለኛ እንግዳ ነው እንዴ? ዝገት ብረት ይበላል፣ ሹም ጉቦ ይበላል፣ ሆዴን በላኝ እንላለን። በላ ማለት ጎረሰና ዋጠ ብቻ ነው ብሎ ያስተማረን አለ? የለም! ታዲያ የሰው ልጆች እንግሊዝኛ ሲማሩ ለምን በማስመሪያ እንቀጣቸዋለን?

ስለ መዝገበ ቃላቱ፦ የመጀመሪያውን ፍቺ ይዛችሁ አትሩጡ፣ ምሳሌ ዓረፍተ ነገሩን አንብቡ። ስለ ፈተና አወጣጥም ሁለት ገጽ አዘጋጅቼ ነበር፤ በር ላይ ይታደላል።

እነዚያ መምህር ዛሬ እዚህ አዳራሽ ካሉ፣ ሁለቱን ማርክ አሁንም እፈልጋለሁ።