ቅርሱ መንገዱ ራሱ ነው

እንደምን አላችሁ ወዳጆቼ፣ እዚህ የተሰበሰባችሁት ሳይክላችሁን ይዛችሁ ረጅም መንገድ ለመውጣት የምታስቡ ሰዎች ስለሆናችሁ መግቢያ አላበዛም፣ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የማነሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

መጀመሪያ እስካሁን የሚቆጨኝን ነገር ልንገራችሁ። ከጀርመኗ ፓሳው ተነስቶ የዳኑብን ወንዝ እየተከተለ ቪየና የሚገባ የሳይክል መንገድ አለ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ የመጀመሪያ ረጅም ጉዞዬ እሱ ነበር። በቀን 110 ኪሎ ሜትር ብዬ ፕላን አውጥቼ፣ በሦስት ቀን ጨርሼ ልመለስ። ዋካው የሚባለው ሸለቆ ስደርስ፣ ወንዙ በሁለት ተራራ መሀል እየተጠማዘዘ የወይን እርከኑ እስከ ጫፍ ድረስ ተደርድሮ፣ እኔ አይኔ የነበረው ማኑብሪው ላይ ያሰርኩት የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ላይ ነው። ቪለንዶርፍ የምትባል ትንሽ መንደር በግራዬ በኩል አለፈች፣ ስሟን እንኳን አላነበብኩም። ቪየና ገብቼ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ መስታወት ስር ያለች 11 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የድንጋይ ምስል ፊት ቆምኩ፣ የሴት ምስል ናት፣ ፊት የላትም፣ ጭንቅላቷ ላይ ሹሩባ የሚመስል ነገር ዙሪያውን ተጠምጥሟል፣ ዕድሜዋ ወደ 30 ሺህ ዓመት ገደማ፣ እና ጽሑፉ ላይ "ቪለንዶርፍ፣ 1908" ይላል። የተገኘችው እዛ ሸለቆ ውስጥ ለባቡር ሀዲድ መሬት ሲቆፈር ነው። ከትናንት ወዲያ ባጠገቡ በረርኩበት! በ2022 የወጣ ጥናት ደሞ ድንጋዩ ምናልባት ከሰሜን ጣሊያን፣ ከጋርዳ ሐይቅ አካባቢ ሳይመጣ አይቀርም ይላል፣ ማለት ሰዎች ከእጅ ወደ እጅ ወይ ከትውልድ ወደ ትውልድ በእግራቸው ይዘዋት የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ወይ ዞረው ነው የመጡት። እነሱ ያን ሁሉ መንገድ በእግር ተጉዘው፣ እኔ ለአስር ደቂቃ ከሳይክሌ አልወርድም ብዬ።

ከዛ በኋላ ነው ጉዞ የማቅድበት መንገድ የተቀየረው፣ ዛሬም የምነግራችሁ ይሄንኑ ነው። ሰው ካርታ ሲያወጣ ቤተ መንግሥቱን፣ ገዳሙን፣ ግንቡን በነጥብ ያደርግና በነጥቦቹ መሀል ያለውን መንገድ እንደ ባዶ ቦታ ቶሎ ሊጨርሰው ይቸኩላል። መንገዱ ግን ባዶ አይደለም። እግራችሁ ስር ያለው ሜዳነት፣ ዳገቱ፣ ጥምዝምዙ፣ ሁሉም ምክንያት አለው፣ ሰው ሆን ብሎ እንደዛ ያደረገው ነው፣ ይሄን ደሞ በመኪና መስኮት አታዩትም፣ ጭናችሁ ነው የሚነግራችሁ።

ለምሳሌ ደቡብ ፈረንሳይ ያለውን ካናል ዱ ሚዲን ውሰዱ። ከቱሉዝ ተነስቶ ሜዲትራንያን ባህር አጠገብ የሚደርስ 240 ኪሎ ሜትር ሰው ሰራሽ ቦይ ነው፣ ከ1666 እስከ 1681 ነው የተሠራው፣ ያሠራው ፒየር ፖል ሪኬ የሚባል የጨው ግብር ሰብሳቢ ነበር፣ ሀብቱን አፍስሶበት ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሞተ። ሀሳቡ ጀልባዎች ስፔንን ዞረው በጂብራልታር ከሚሄዱ አገሩን አቋርጠው ከአትላንቲክ በኩል ወደ ሜዲትራንያን እንዲያልፉ ነበር። ቦዩ ዳር ያለው ቀጭን መንገድ ድሮ ጀልባዎቹን በገመድ የሚጎትቱ ፈረሶችና ሰዎች የሚረግጡት ነው፣ ዛሬ የሳይክል ጎማ ይረግጠዋል። ውሃ ዳገት አይወጣም፣ ስለዚህ መንገዱም አይወጣም! ከፍታ መቀየር ግድ ሲሆን የውሃ በሮች አሉ፣ ጀልባዋ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይሞላል ወይ ይፈሳል፣ እንደ አሳንሰር ትወጣለች ትወርዳለች። እናንተም እዛ ጋር ብቻ ነው አጭር ዳገት የሚያጋጥማችሁ፣ አስር ሃያ ሜትር ትገፉና መልሶ ሜዳ ይሆናል።

አንዱ የውሃ በር ጋ ስትደርሱ እባካችሁ ውረዱና ግድግዳውን እዩት። ቀጥ ያለ አይደለም፣ እንደ እንቁላል ሆዱ ወደ ውጪ የተነፋ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ቀጥ አድርገው ሠርተውት ከኋላ ያለው አፈር ገፍቶ ናደባቸው፣ ከዛ ነው ግድግዳው እንደ ቅስት አፈሩን እንዲመክት አጉብጠው የሠሩት። እጃችሁን ድንጋዩ ላይ ብታሳርፉ የጀልባ ገመድ ለብዙ ዘመን የሞረደውን ጎድጓዳ መስመር በጣታችሁ ታገኙታላችሁ፣ እኔ ለረጅም ሰዓት ነው የተቀመጥኩበት። ቤዚዬ ከተማ አጠገብ ደሞ ፎንሴራን የሚባል ቦታ እንደ ደረጃ የተደራረቡ የውሃ በሮች አሉ፣ ጀልባን ከ20 ሜትር በላይ ከፍ ያደርጋሉ።

ከፎንሴራን በላይ ደሞ 54 ኪሎ ሜትር ሙሉ አንድም የውሃ በር የለም። እንዴት አደረጉት? የኮረብታውን ወገብ ይዘው ከፍታ ሳይቀይሩ እየዞሩ እየዞሩ ነው የሄዱት፣ ለዛ ነው እዛ ክፍል ላይ መንገዱ እንደ እባብ የሚጠማዘዘው፣ አንዳንዱ ሳይክለኛ "ይሄ ነገር አያሳጥርም እንዴ" ብሎ ይማረራል፣ እኔ ግን ያ ጥምዝምዝ በጣም ነው የሚገርመኝ፣ በዛ ዘመን መሣሪያ መሬቱን እንደዛ አድርገው ማንበባቸው። አንድ ቦታ ላይ ግን ዞር ማለት አልተቻለም፣ ኮረብታውን ሰንጥቀው በ1679 ማልፓ የሚባለውን ዋሻ አወጡ። ሳይክላችሁን አስራችሁ እዛው አጠገብ ወዳለው ኦንሴሩን ኮረብታ ውጡ፣ ከላይ ሆናችሁ ሞንታዲን ታዩታላችሁ፣ በ1247 ውሃው የተጠነፈፈ ሐይቅ ነው፣ አሁን እርሻ ሆኗል፣ የማሳው ድንበር በሙሉ ልክ የሳይክል ቸርኬ ሽቦዎች ከመሀል ተነስተው እንደሚዘረጉት ነው የተዘረጋው። ሳይክል ከመፈጠሩ ከ500 ዓመት በላይ በፊት!

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ፣ ከቱሉዝ ሲነሳ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፣ ከዛ በኋላ ብዙ ቦታ ላይ አፈርና የዛፍ ሥር ነው፣ ቀጭን ጎማ ይዛችሁ ብትሄዱ ወገባችሁ አይችለውም። የዛፉ ነገር ደሞ ያሳዝናል። ዳርና ዳሩን የተተከሉት ትላልቅ ዛፎች ከ2006 ጀምሮ መድኃኒት በሌለው የፈንገስ በሽታ እየተመቱ ብዙ ሺህ ተቆርጠዋል፣ በምትካቸው ሌላ ይተከላል፣ ስለዚህ አንዳንዱ ክፍል ጥላ የለውም፣ ውሃ በደንብ ያዙ።

ከቦይ ቀጥሎ የምወደው የድሮ ባቡር ሀዲድ ነው። ብረት ጎማ ብረት ሀዲድ ላይ ዳገት ሲበዛበት ይንሸራተታል፣ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራ ሲያጋጥማቸው ወይ ይቆርጡታል፣ ወይ ይበሱታል፣ ወይ ረጅም ዙረት ይዞራሉ፣ ዳገቱ ግን ከመቶ ሁለት ገደማ እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። ባቡሩ ቀርቶ ሀዲዱ ሲነቀል የሚተርፈው ለሳይክል የተሠራ የሚመስል መንገድ ነው። አሜሪካ ያለው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ እንደዚህ ነው፣ ከፒትስበርግ እስከ ካምበርላንድ 241 ኪሎ ሜትር፣ ጫፉ 729 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ቢግ ሳቬጅ የሚባል አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ዋሻ አለው፣ በረዶ በሚጥልበት ወቅት ስለሚዘጋ ቀኑን አጣርታችሁ ሂዱ፣ መብራትም ያዙ።

እና ካምበርላንድ ስትደርሱ ታሪኩ ይቀጥላል፣ ምክንያቱም ከዛ ተነስቶ ዋሽንግተን የሚገባ 297 ኪሎ ሜትር የድሮ ቦይ ዳር መንገድ አለ። የዚህ ቦይ ሥራና የተፎካካሪው ባቡር ሥራ የተጀመረው በአንድ ቀን ነው፣ ጁላይ 4፣ 1828። ባቡሩ ካምበርላንድ በ1842 ደረሰ፣ ቦዩ በ1850። በስምንት ዓመት ተቀደመ ማለት ነው፣ ሲጀመር ጀምሮ የተሸነፈ ቦይ፣ ግን እስከ 1924 ድረስ ሠርቷል። ፓው ፓው የሚባለውን ዋሻውን ብቻ ለመጨረስ 14 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በጨለማው ውስጥ ሳይክላችሁን እየገፋችሁ ስትሄዱ ያ ሁሉ ድካም ምን ያህል እንደነበር ይሰማችኋል፣ እኔ ተሰምቶኛል።

ኒውዚላንድ ያለው የኦታጎ መንገድም ተመሳሳይ ነው፣ 152 ኪሎ ሜትር፣ ባቡሩ በ1990 ቆመ፣ በ2000 ለሳይክልና ለእግረኛ ተከፈተ፣ የድሮ የወርቅ ቁፋሮ አገር ነው። ሰው እየለቀቃቸው ይሄድ የነበሩ ትናንሽ መንደሮች ዛሬ በሳይክለኛ ነው የሚንቀሳቀሱት። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ አንድ ሌሊት ስታድሩ መንደሩን እያቆያችሁት ነው።

ሁሉም ታሪካዊ መንገድ ሜዳ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እንግሊዝ ያለውን የሀድሪያንን ግንብ እዩ፣ በ122 ሮማውያን የጀመሩት 117 ኪሎ ሜትር ግንብ ነው፣ ለመከላከያ ስለሆነ መሀሉ ላይ ሆን ብለው የገደሉን አናት ይዘው ነው የገነቡት። ስለዚህ ሳይክል መንገዱ፣ 274 ኪሎ ሜትር ነው፣ ብዙ ቦታ ላይ ከግንቡ ወረድ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ይሄን ሳያውቁ የሚመጡ ሰዎች ቅር ይላቸዋል። እኔ ግን ወረድ ማለቱን ወድጄዋለሁ፣ ቪንዶላንዳ ያደርሳችኋል። ቪንዶላንዳ የሮማ ወታደሮች ካምፕ ነው፣ ከ1973 ጀምሮ ከጭቃው ውስጥ እንደ ፖስት ካርድ የሳሱ የእንጨት ደብዳቤዎች ወጥተውበታል። አንዱ ላይ ካልሲ፣ ጫማና የውስጥ ሱሪ ልኬልሃለሁ ይላል። ቀኑን ሙሉ በዛ ንፋስና ዝናብ ፔዳል ስትመቱ ውላችሁ ይሄን ስታነቡ፣ ያ ወታደር ምን ያህል እንደበረደው ማንም ሊያስረዳችሁ አያስፈልግም። ሌላው ደሞ በ100 አካባቢ ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል የአዛዥ ሚስት ለጓደኛዋ ለሱልፒሲያ ሌፒዲና "ለልደቴ ነይልኝ" ብላ የላከችው ነው፣ ዋናውን ጸሐፊ ጽፎላት መጨረሻው ላይ በራሷ እጅ ጥቂት መስመር ጨምራለች።

ስፔን ያለው የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የተሳላሚዎች መንገድም ዳገት አይፈራም፣ እግረኛ የቀየሰው ነዋ። የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት እግረኛ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሳይክለኛ 200 ይነዳል። ክሩስ ዴ ፌሮ የሚባለው ጫፍ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ከዛ ወደ ሞሊናሴካ ያለው ቁልቁለት ከዳገቱ ይልቅ ያስፈራኛል፣ ፍሬናችሁን ከላይ ሆናችሁ እዩ፣ በየመሀሉ ቆም እያላችሁ አቀዝቅዙት።

እሺ፣ ስለ አወጣጡ ትንሽ ልበል። በቀን ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይበቃል፣ ጠንካራ ብትሆኑም ይበቃል፣ ምክንያቱም የቀረው ሰዓት ለመቆም ነው። እቃችሁን በጀርባ አትሸከሙ፣ በጎን ቦርሳ ግራና ቀኙን እኩል አድርጋችሁ ከባዱን ከታች ጫኑ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ደሞ ሙሉ እቃ ጭናችሁ ቢያንስ አንድ ቀን ሞክሩት፣ የተጫነ ሳይክል አያያዙ ሌላ ነው። ትርፍ ካላማዳሪ፣ መንፊያ፣ ማጣበቂያ፣ የካቴና መፍቻ። ለቦይ ዳር 35 ሚሊ ሜትርና ከዛ በላይ የሆነ ጎማ። ንፋስን አትናቁ፣ ፈረንሳይ ያለው ሎዋር ወንዝ ላይ ለምሳሌ ንፋሱ በብዛት ከምዕራብ ስለሚመጣ ከአትላንቲክ ተነስቶ ወደ ውስጥ መንዳት ይቀላል።

መንገድ ለማግኘት አውሮፓ ውስጥ ዩሮቬሎ የሚባለው ኔትዎርክ 17 ረጅም መስመር አለው፣ ቁጥር 6 ከአትላንቲክ እስከ ጥቁር ባህር ሎዋርንና ዳኑብን ይዞ ይሄዳል። ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ ደሞ መስቀለኛው ሁሉ ቁጥር አለው፣ ወረቀት ላይ 14፣ 27፣ 31 ብላችሁ ጽፋችሁ ትወጣላችሁ፣ በቃ፣ ስልክ አያስፈልግም። ሀሳቡን ያመጣው ሁጎ ቦለን የሚባል ቤልጂየማዊ የማዕድን መሐንዲስ ነው፣ ሊምቡርግ ውስጥ።

አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። ፍርስራሽ ላይ ሳይክል አትንዱ፣ ሰባራ ሸክላም ሆነ ጠጠር ከቦታው አታንሱ፣ የገበሬ በር ተዘግቶ ካገኛችሁት ዝጉት፣ ክፍት ከሆነ ክፍት ተዉት። እግረኛ ሲያጋጥማችሁ ደወል ነክታችሁ ቀስ በሉ። ገዳም ወይ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ላይ ከሆነ ውጪ ጠብቁ።

እኔ ዳኑብ ተመልሼ ሄጃለሁ፣ በሦስት ቀን ያለቀውን መንገድ በዘጠኝ ቀን። ቪለንዶርፍ ላይ ሳይክሌን አቁሜ ከሀዲዱ በላይ ወዳለው ቦታ ወጣሁ፣ ትልቅ አድርገው የሠሩት የምስሏ ቅጂ ቆሟል፣ ከታች ወንዙ ይታያል፣ ሳይክለኞች እየተከታተሉ ያልፉ ነበር፣ አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው። ካርታዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻቸዋለሁ፣ የቆምኩባቸውን ቦታዎች በቀይ አክብቤያቸዋለሁ፣ ኑና እዩ፣ የምትነሱበትን ወር ንገሩኝና አብረን እናውጣው።