ከሞተርሆሙ ኋላ ምን ልጎትት?

እሺ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ላወራችሁ የፈለግኩት ደግሞ ወራት ስላሳሰበኝ ነገር ነው፣ ከሞተርሆማችን ኋላ የምንጎትተውን ፎር ዊል ድራይቭ ስለመምረጥ። ሞተርሆም ውስጡ የሚኖርበት ትልቅ መኪና ነው፣ ቤት ማለት ነው፣ አንዴ ካቆማችሁት መንቀል አትፈልጉም፣ ጭቃና ቋጥኝ ላይማ ጭራሽ አይሞከርም።

መጀመሪያ የማየው ከመሬት ያለው ከፍታ፣ ጎማው፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ይቆለፋል ወይ፣ እንደዛ እንደዛ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ይሄ መኪና ረጅሙን መንገድ የሚሄደው ሞተሩ ጠፍቶ አራቱም ጎማው አስፋልት ላይ እየተንከባለለ ነው። ጉዱ ያለው እዛ ላይ ነው። ብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው፣ ሞተሩ ጠፋ ማለት ዘይት የለም፣ ጎማው ግን የካምቢዮውን ውስጥ ማሽከርከሩን አይተውም፣ ይፋጫል ይግላል በቃ ካምቢዮው አለቀ። ዜሮ ማርሽ ላይ ማድረግም አያድነውም። እኔ ልገዛው ጫፍ የደረስኩት መኪና እንደዛ ነበር፣ ማታ መመሪያውን ከፍቼ ስለመጎተት የሚለውን ገጽ ሳነብ ነው የተረፍኩት፣ እስካሁን ሳስበው ያስደነግጠኛል።

ጂፕ ራንግለርን ሰው ለዚህ የሚመርጠው ትራንስፈር ኬዙ፣ ማለትም ከካምቢዮው የመጣውን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ የራሱ ዜሮ ስላለው ነው፣ እሱ ዜሮ ሲሆን ጎማዎቹ ከካምቢዮው ጋር ያላቸው ግንኙነት ይቋረጣል። ፎር ዊል ድራይቭ የተባለ ሁሉ ግን ይሄ የለውም፣ ሻጩ ምንም ይበል ምን መመሪያውን ራሳችሁ አንብቡ።

ከዛ ክብደት። ባለ ሁለት በሩ ራንግለር 1,800 ኪሎ አካባቢ ነው፣ የብዙ ቤንዚን ሞተርሆሞች መጎተቻ ደግሞ 2,268 ኪሎ ላይ ይቆማል። ይበቃል ትላላችሁ፣ ግን ዊንቹ (መኪና ሲያዝ በገመድ ስቦ የሚያወጣው)፣ ትልልቁ ጎማ፣ የብረት መከላከያው ሲጨመር ሳታውቁት ትጠጉታላችሁ፣ ሞተርሆሙና ተጎታቹ አንድ ላይ የማያልፉት ገደብም አለ፣ ውሃውም ሰዉም እዛ ውስጥ ይቆጠራል። ተጎታቹ ራሱ ፍሬን እንዲይዝ የሚያደርገውን መሣሪያ ሳትገጥሙ ግን እባካችሁ አትውጡ፣ ቁልቁለት ላይ ያ ሁሉ ኪሎ ከኋላ ሲገፋ ቀላል አይደለም።

አንድ ጊዜ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ጠባብ ቦታ ገብቼ ወደኋላ ልመለስ ስል የጂፑ የፊት ጎማዎች ወደ ጎን ተጠማዘው ቀሩ፣ የመጎተቻው ዘንግም ተወጥሮ አልፈታ አለ፣ ለማላቀቅ ብዙ ታገልን። በአራት ጎማው እየተጎተተ ወደኋላ አይኬድም፣ አሁን መውጫውን ሳላይ የትም አልገባም።

በመጨረሻ ባለ ሁለት በሩን ራንግለር ባለ ማኑዋል ካምቢዮውን ወሰድን፣ ባለቤቴ አራት በር ነበር የፈለገችው፣ ክብደቱን አብረን ደምረን ስናይ ተስማማች። ከተነሳን ጥቂት ኪሎሜትር ላይ እንቆምና እሷ በቀኝ እኔ በግራ የጎማዎቹን መሃል በእጃችን ጠጋ ብለን እንዳስሳለን፣ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ አንንቀሳቀስም፣ ምክንያቱም መሪ የያዘ ሰው ከኋላ ጎማ ቢተነፍስበት እንኳን ላይሰማው ይችላል።